የፈረንጅ አመዳይ ለጎጃም ክረምት ምስክር አይሆንም

ባለፉት ሳምንታት ከደብረ ማርቆስ እስከ ቡሬ ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። በአንድ ቀን ውስጥ ለእኔ ብቻ ሦስት ሰዎች ልከውልኛል፤ ሁለቱ አብረውኝ ጂኦግራፊ የሚያስተምሩ ባልደረቦቼ ሲሆኑ፣ ሦስተኛው ደንበጫ አካባቢ የሚያርሱት አጎቴ በልጃቸው ስልክ ያስላኩት ነው። ባልደረቦቼ «አንብበው» ከማለት በቀር የጨመሩት ነገር የለም። አጎቴ ግን በማግስቱ ደውለው፣ «ልጄ፣ የፈረንጅ አገር በረዶ ለእኔ በቆሎ ምን አገባው?» ብለው ጠየቁኝ። ጽሑፉ ለገበሬው የዘር ምክር ሰጥቶ ስለሚጨርስ፣ ምክሩን ተቀብለው ሁልጊዜ ጤፍ የሚዘሩበትን ማሳ ሳይቀር ዘግይቶ ለሚደርስ በቆሎ ሊያደርጉት አስበው ነበር። ይህን ምላሽ እንድጽፍ ያስገደደኝም ይኸው ጥያቄያቸው ነው።

በመጀመሪያ የጽሑፉን ሐሳብ ሳላዛባ ላስቀምጥ። ጸሐፊው አራት ነገር ይላሉ። አንደኛ፣ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ በረዶው ሜትር እያለፈ እየተከመረ ሳለ ምድር ሞቃለች መባሉ መሠረት የለውም ይላሉ። ሁለተኛ፣ የበረዶውን ውፍረት የሚወስነው ኤልኒኖ የተባለው የፓስፊክ ውቅያኖስ መሞቅ ነው፤ ኤልኒኖ ሲመጣ በረዶው ይከብዳል፣ ተቃራኒው ላኒና ሲመጣ ይሳሳል ይላሉ። ሦስተኛው ነጥባቸው ወደ አገራችን ይመጣል፤ የጮቄ ተራራ በአያቶቻችን ዘመን ዓመቱን ሙሉ በረዶ ለብሶ ይኖር እንደነበርና ያንን በረዶ ያጠፋው ተደጋጋሚው ኤልኒኖ እንደሆነ ይተርካሉ። በመጨረሻም፣ የፈረንጆቹ ክረምት በረዶ ከበዛ የእኛም ክረምት ዝናቡ ይበዛል፣ ወቅቱም ይረዝማል፤ ስለዚህ ገበሬው የሰሜኑን በረዶ ዜና አይቶ ዘሩን ይምረጥ ብለው ይደመድማሉ።

የሚገባቸውን ምስጋና አልነፍጋቸውም። ከእኛ በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር የሚርቅ ውቅያኖስ ሲሞቅ ወሬው ጎጃም ድረስ ይደርሳል ማለታቸው ትክክል ነው፤ ብዙ ሰው ይህን ከጽሑፋቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይሰማ አልቀረም። ኤልኒኖ በሰሜኑ አገር በረዶ ላይ እጁ አለበት ማለታቸውም እውነት ነው። የምለያቸው «እጁ አለበት» ከሚለው ተነሥተው «ይወስናል» ወደሚለው፣ ከዚያም «እኛንም ይተነብይልናል» ወደሚለው በተሻገሩበት ቦታ ላይ ነው።

አብዛኛው ስሕተት የበቀለው ከሁለት ቃላት ይመስለኛል። አንዱ «ክረምት» ነው። እኛ ክረምት የምንለው ከሰኔ እስከ መስከረም ያለውን፣ ደመናው ተራራ ላይ የሚተኛበትን፣ አባይ የሚሞላበትን የዝናብ ወቅት ነው። የፈረንጆቹ የብርድ ወቅት፣ እኛም በትምህርት ቤት «ክረምት» ብለን የተረጎምነው፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ነው። ያ ጊዜ ለጎጃም በጋ ነው፤ አውድማ ላይ እህል የሚወቃበት፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሌሊቱን ውርጭ የሚጥልበት ወቅት ነው። ጸሐፊው «ኤልኒኖ በክረምት ይበረታል» የሚለውን ከውጭ ዜና ወስደው ወደ አማርኛ ሲያመጡት የእነርሱ ታኅሣሥ የእኛ ሐምሌ ሆኖ ቁጭ አለ። ይህ የቃል መመሳሰል በአራተኛው ነጥባቸው ላይ ዋጋ ያስከፍላል፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሁለተኛው ቃል «በረዶ» ነው። በሐምሌ ከነጎድጓድ ጋር ቆርቆሮውን እየደበደበ ወርዶ የባቄላውን አበባ የሚያረግፈውም፣ በሰሜኑ አገር እንደ ባዘቶ ጥጥ በዝምታ የሚወርደውም በዕለት ተዕለት አማርኛችን ስማቸው አንድ ነው። አፈጣጠራቸው ግን የተለያየ ነው። የእኛው በረዶ የሚሠራው ሽቅብ የሚነፍስ ኃይለኛ ነፋስ ባለበት የነጎድጓድ ደመና ውስጥ የውኃ ጠብታ እየወጣና እየወረደ በድርብርብ ሲቀዘቅዝ ነው፤ ስለዚህ መሬቱ ሞቃት ቢሆንም ይወርዳል። የሰሜኑ ግን የውኃ ተን በቀዝቃዛ ደመና ውስጥ በቀጥታ ወደ ስስ የበረዶ ክሪስታል ሲለወጥ የሚፈጠር ሲሆን፣ መሬት ላይ ተከምሮ እንዲቆይ አየሩም መሬቱም ከዜሮ ዲግሪ አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ሊሆኑ ይገባል። ለዚህኛው በቆዩ መጻሕፍት «አመዳይ» የሚል ቃል አለን፤ አንዳንዱ ሰው ለውርጭም ይጠቀምበታል። ግራ እንዳያጋባ ከዚህ በኋላ የሰሜኑን አመዳይ፣ የእኛውን በረዶ እያልኩ እቀጥላለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ውፍረትም አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ባለፈው ሰኔ በትምህርት ቤታችን ግቢ በረዶ በወረደ ጊዜ ተማሪዎቼ ባዶ የወተት ጣሳ እስከ አፉ ሞልተው ክፍል ውስጥ አስቀመጡት። ክፍለ ጊዜው ሳያልቅ ቀለጠ፤ ውኃው ከጣሳው ግማሽ ጥቂት ከፍ ብሎ ተገኘ። ያው ጣሳ አዲስ በወረደ አመዳይ ቢሞላ ኖሮ፣ ሲቀልጥ ከታች አንድ ጣት ያህል ብቻ ነበር የሚሸፍነው፤ አዲስ አመዳይ አብዛኛው አየር ስለሆነ በተለመደው ግምት 10 ሴንቲ ሜትሩ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ውኃ ነው የሚወጣው። እርጥብ ከሆነ ይበልጣል፣ ደረቅና ብርዳማ ከሆነ ያንሳል፤ ሲውል ሲያድር ደግሞ በራሱ ክብደት ይጠቀጠቃል። እንግዲህ በቴሌቪዥን የሚታየው አንድ ሜትር አዲስ አመዳይ በውኃ ሲመነዘር 100 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ በሐምሌ ወር ብቻ ከዚህ በእጥፍ የሚበልጥ ዝናብ ይወርዳል። ስለዚህ «ሜትር አለፈ» የሚለው ዜና ብቻውን ምን ያህል ውኃ እንደወረደም፣ አየሩ ምን ያህል እንደቀዘቀዘም አይነግረንም።

አሁን ኤልኒኖ የአመዳዩን ውፍረት ይወስናል ወደሚለው ነጥብ ልምጣ፤ የጽሑፉ ምሰሶ ይህ ነውና ረዘም አድርጌ ልመልሰው። ኤልኒኖ ማለት በምድር ወገብ አካባቢ ያለው የፓስፊክ ውቅያኖስ ክፍል ከተለመደው በላይ የሚሞቅበት ሁኔታ ነው፤ ላኒና የዚህ ተቃራኒ ነው። ኤልኒኖ ሲበረታ ከፓስፊክ ወደ ሰሜን አሜሪካ የሚሻገረው የላይኛው አየር ፈጣን ነፋስ ወደ ደቡብ ያዘነብላል፤ ወጀቡንም አብሮ ይወስደዋል። በውጤቱ የአሜሪካ ደቡብ ብዙ ጊዜ ይረጥባል፤ ሰሜን ምዕራቡና የካናዳ ምዕራብ ዳርቻ ደግሞ ሞቅ ይላል፣ አመዳዩም ይሳሳል። አንዱ ኤልኒኖ በአንድ አህጉር ላይ እንኳ በአንዱ ቦታ ሲጨምር በሌላው ይቀንሳል ማለት ነው።

ለዚህ የ2009–2010ን ክረምት የሚያህል ምስክር የለም። ዓመቱ የኤልኒኖ ዓመት ነበር። በየካቲት 2010 የክረምት ኦሊምፒክ በካናዳዋ ቫንኩቨር ሲካሄድ፣ ሳይፕረስ በተባለው ተራራ ላይ የሚንሸራተቱበት አመዳይ ጠፍቶ በጭነት መኪናና በሄሊኮፕተር ከሌላ ቦታ እየተጓጓዘ ነበር ውድድሩ የተካሄደው። በዚያው ወር፣ በዚያው አህጉር ሌላኛ ጫፍ፣ ዋሽንግተን ከተማ በአመዳይ ተውጣ መሥሪያ ቤቶች ለቀናት ተዘጉ፤ የወቅቱ ድምር 142 ሴንቲ ሜትር ገደማ ደርሶ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ከተያዘው መዝገብ ሁሉ በለጠ። ጸሐፊው ኤልኒኖ በረዶን ያከብዳል ሲሉ ዋሽንግተንን አይተዋል፤ ቫንኩቨርን አላዩም።

ዋሽንግተንንም ቢሆን ያን ያህል የቀበራት ኤልኒኖ ብቻውን አልነበረም። በሰሜን አትላንቲክ ላይ ሁለት የአየር ግፊት ማዕከሎች አሉ፤ አንዱ በአይስላንድ አካባቢ ያለው ዝቅተኛ ግፊት፣ ሌላው በአዞርስ ደሴቶች አካባቢ ያለው ከፍተኛ ግፊት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሲሰፋ የምዕራቡ ነፋስ ይበረታና የውቅያኖሱን ለብታና እርጥበት ይዞ ወደ ሰሜን አውሮፓ ይገባል። ልዩነቱ ሲጠብብ ነፋሱ ይደክማል፤ የሰሜን ዋልታ ብርድም ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ ምሥራቅ ይፈስሳል። በዚያ ክረምት ልዩነቱ በመዝገብ ከታዩት ሁሉ በላቀ መጠን ጠብቦ ነበር። ከኤልኒኖው የመጣው እርጥብ ወጀብ ከሰሜን ከወረደው ብርድ ጋር የተገናኘው በአሜሪካ ምሥራቅ ዳርቻ ላይ ነው። ጸሐፊው ይህን የአትላንቲክ መዋዠቅ በጽሑፋቸው አንድ ጊዜ እንኳ አላነሡትም፤ ስለ አውሮፓ አመዳይ የሚጽፍ ሰው ደግሞ ከኤልኒኖ በፊት ሊያነሣው የሚገባው እርሱን ነበር።

የአትላንቲኩ መዋዠቅም ቢሆን ለሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ፍርድ አይሰጥም። ከ1980ዎቹ መጨረሻ እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ የግፊቱ ልዩነት በአብዛኛው ሰፊ ነበር። በእነዚያ ዓመታት በአልፕስ ዝቅተኛ ከፍታዎች ላይ አመዳይ ጠፍቶ የመንሸራተቻ ስፍራዎች ሲቸገሩ፣ በኖርዌይ ምዕራብ ዳርቻ ግን ተራሮቹ ላይ እጅግ ብዙ አመዳይ ስለ ወረደ ብሪክስዳልስብሬን የተባለው የበረዶ ግግር ወደ ፊት እየገፋ ዛፍ እስኪያፈርስ ደርሶ ነበር። ያው ለብ ያለ እርጥብ ነፋስ በአልፕስ ቆላ ዝናብ ሆኖ ወረደ፤ በኖርዌይ ከፍታ ላይ ቅዝቃዜው ገና ከዜሮ በታች ስለነበር አመዳይ ሆኖ ተከመረ። ልዩነቱን ያመጣው ከፍታና የተራራው ፊት ወዴት እንደሚመለከት ነው። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በአንድ ክረምት ዳንግላ ጠግቦ ሲዘንብለት የአባይ በረሃ ምን ያህል እንደሚቀረው ደጀን ላይ ቆሞ ቁልቁል ያየ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ላኒና በረዶን ያሳሳል የሚለውም በሁለት ምሳሌ ይወድቃል። በዓለም ላይ በአንድ ወቅት የወረደ ከፍተኛው አመዳይ ተብሎ የተመዘገበው በአሜሪካ ሰሜን ምዕራብ በቤከር ተራራ በ1998–1999 የወረደው ሲሆን፣ ድምሩ 29 ሜትር ገደማ ነው፤ ዓመቱ የላኒና ነበር። በ2022–2023 ደግሞ ላኒና ለሦስተኛ ተከታታይ ክረምት ቆይቶ ሳለ፣ የካሊፎርኒያ ተራሮች አመዳይ በሚያዝያ መጀመሪያ ሲለካ ከአማካዩ ከሁለት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። ይህኛው ባለሙያዎቹንም ያስደነገጠ ነው። ከዚያ በፊት በ2015–2016 እጅግ ብርቱ ኤልኒኖ መጥቶ ለካሊፎርኒያ ከባድ አመዳይ ይጠበቅ ነበር፤ የመጣው ከአማካይ ጥቂት ያነሰ ነው። ጸሐፊው «ባለሙያዎችም ይሳሳታሉ» ሲሉ በዚህ ልክ እውነት አላቸው። ነገር ግን ባለሙያዎቹ ያሉት «ዕድሉ ይጨምራል» ነበር፤ «ይወስናል» ያሉት ጸሐፊው ናቸው።

ከዚህም ሲወርድ ደግሞ አካባቢው ራሱ ይፈርዳል። በኅዳር 2014 በኢሪ ሐይቅ ዳር ባለችው ባፋሎ ከተማ፣ ብርዳም ነፋስ ገና ለብ ያለውን ሐይቅ ሲሻገር እርጥበት ተሸክሞ አንድ ቀጭን የደመና ሰልፍ ሠራ። ሰልፉ ያረፈባቸው የደቡብ ሰፈሮች ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ በሆነ አመዳይ ሲቀበሩ፣ በመኪና ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ ርቀት ላይ ያሉት የሰሜን ሰፈሮች የወረደላቸው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። በፓስፊክም በአትላንቲክም ላይ የነበረው ሁኔታ ለሁለቱም ሰፈሮች አንድ ነበር።

ምድር አልሞቀችም የሚለውን ባጭሩ ልመልስ። ዋሽንግተንን አመዳይ የቀበራት 2010 ዓለም እስከዚያ ድረስ ከመዘገበቻቸው ዓመታት ሁሉ ከ2005 ጋር እኩል በሙቀት የመሪነቱን ቦታ የያዘ ዓመት ነው። አየር በአንድ ዲግሪ ሲሞቅ ሊሸከም የሚችለው እርጥበት በ7 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ስለዚህ ሙቀቱ ከዜሮ በታች በሚቆይበት ቦታ አንድ ወጀብ ከቀድሞው የበለጠ አመዳይ ሊያወርድ ይችላል። በአንጻሩ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ወዲህ በሳተላይት ሲታይ የሰሜኑ ንፍቀ ክበብ አመዳይ በፀደይ ወራት የሚሸፍነው መሬት በግልጽ እየቀነሰ ነው። ከባድ አመዳይ የታየበት ቀን እና አመዳይ ቶሎ የሚያልቅበት ወቅት አብረው ሊኖሩ ይችላሉ፤ አንዱ ሌላውን አያፈርስም።

ስለ ጮቄ የተባለው ግን ልቤን ነክቶታል፤ ተራራውን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁና። በአንድ ነሐሴ ከተማሪዎች ጋር ከሮብ ገበያ ወደ ላይ ስንወጣ ነጎድጓድ ደረሰብንና ድንጋይ ሥር ተጠለልን። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ መስኩ ነጭ ሆነ። በረዶው በጅብራው ቅጠሎች መካከል እንደ ገብስ ቆሎ ተቋጥሮ ተቀምጦ ነበር፤ አንዱ ተማሪ ማስመሪያውን አውጥቶ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ሲተክለው ስድስት ሴንቲ ሜትር አነበብን። ፀሐይ ስትወጣ ከጥላው በቀር ሁሉም ውኃ ሆኖ ወደ ጨሞጋ ይወርድ ጀመር። አያቶቻችን ያዩትም ይህንኑ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ተራራው ነጭ ሲሆን አይተዋል፣ የተናገሩትም እውነት ነው። «ዓመቱን ሙሉ» የሚለው ግን በአፍ ሲተላለፍ የተጨመረ ነው።

ምክንያቱ ሒሳብ ነው። የጮቄ ጫፍ 4,100 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። አየር በ1,000 ሜትር በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ይቀዘቅዛል፤ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ከእርሷ እስከ ጮቄ ጫፍ ያለው ልዩነት 15 ዲግሪ ያህል ይሆናል። ይህ ብርድ ነው፤ ሌሊት ውርጭ ይጥላል፣ ቀን ግን ከዜሮ በላይ ይመለሳል። በእኛ የምድር ወገብ ቀበሌ የአየሩ አማካይ ሙቀት ዜሮ የሚደርሰው ወደ 5,000 ሜትር ሲጠጋ ነው። በአፍሪካ ዛሬ የበረዶ ግግር ያለባቸው ኪሊማንጃሮ፣ ኬንያ ተራራና ርዌንዞሪ ሦስቱም ከ5,000 ሜትር በላይ ናቸው። ራስ ዳሽን እንኳ 4,550 ሜትር ላይ ቆሞ ቋሚ በረዶ የለውም። ጅብራ ራሱ ለዚህ ምስክር ነው፤ ሌሊት ቅጠሎቹን ወደ ውስጥ አጥፎ ቡቃያውን ከውርጭ ይሸፍናል፣ ሲነጋ ይከፍታል። ቀኑ በሙሉ ከአመዳይ በታች የሚውል ተክል እንዲህ ያለ ልማድ አያወጣም።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው የሚያግዝ አንድ ታላቅ ማስረጃ አለ፤ እርሳቸው አልጠቀሱትም፣ እኔ ልጥቀስላቸው። በ6ኛው ክፍለ ዘመን ኮስማስ የተባለው ተጓዥ ከጥንታዊቷ የቀይ ባሕር ወደብ ከአዱሊስ ገልብጦ ባቆየልን የአንድ ንጉሥ የድል ጽሑፍ ውስጥ፣ ንጉሡ ራስ ዳሽን ባለበት በሰሜን ተራሮች ሲዘምት ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰጥምበት አመዳይ እንዳለ ተጽፏል። ጽሑፉ ስለ ሰሜን ተራሮች እንጂ ስለ ጮቄ አይናገርም፤ የዘመተ ንጉሥ ደግሞ የተራራውን ክፋት አጉልቶ ማስጻፉ አይገርምም። ቢሆንም በእኛ ከፍታዎች ላይ አመዳይ ፈጽሞ ታይቶ አያውቅም እንዳንል ያደርገናል። ከ20 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በነበረው የበረዶ ዘመን በሰሜን ተራሮችና በባሌ ላይ እውነተኛ የበረዶ ግግር እንደነበረም አለቶቹ ይመሰክራሉ። ያ ግን የአያቶቻችን ዘመን አይደለም።

ጥፋቱን በኤልኒኖ ላይ መጣሉም አያስኬድም። ኤልኒኖ ከሁለት እስከ ሰባት ዓመት ባለው ጊዜ ሲመላለስ የኖረ እንጂ ትናንት የተወለደ አይደለም፤ በ1877–1878 የነበረው ከብርቱዎቹ አንዱ ነው። ጮቄን በእውነት የለወጠው ቅርብ ያለ ነገር ነው፤ እርሻው ሽቅብ ወጥቶ ገብስ፣ ድንችና እንግዶ ቀድሞ አስታ በሸፈነው ቁልቁለት ላይ ይዘራል፣ ከብቱ ጓሳውን ጨርሶታል፣ ጅብራውም እየተቆረጠ ነው። ምንጮቹ ሲደርቁ ፓስፊክን የምንከስስ ከሆነ እጃችን ላይ ያለውን ሥራ እንተወዋለን።

አሁን የአጎቴን ማሳ ወደሚነካው ነጥብ ደረስኩ። የሰሜን አመዳይ የዝናብ ወቅትን ይተነብያል የሚለው ሐሳብ ጸሐፊው ሳያውቁት ረጅም ታሪክ አለው። ከ1870ዎቹ የሕንድ ረሃብ በኋላ የሕንድን የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት ይመራ የነበረው ሄንሪ ብላንፎርድ፣ በሂማላያ አመዳይ ሲበዛ ተከትሎት የሚመጣው የሕንድ ዝናብ ይደክማል የሚል ሐሳብ በ1884 አቀረበ። አመዳይ አብዛኛውን የፀሐይ ብርሃን መልሶ ያንጸባርቃል፤ የፀደዩ ሙቀትም መሬቱን ማሞቁ ቀርቶ አመዳዩን በማቅለጥና ጭቃውን በማድረቅ ያልቃል። መሬቱ ካልሞቀ እርጥቡን ነፋስ ከውቅያኖስ የሚስብ ኃይል አይኖረውም። ልብ ይበሉ፤ በዚህ ሐሳብ ብዙ አመዳይ የሚያመጣው ደካማ ዝናብን ነው። ጸሐፊው የደመደሙት የዚህን ተቃራኒ ነው፣ ለመደምደሚያቸውም ምክንያት አልሰጡም።

ከ1904 እስከ 1924 በዚያው መሥሪያ ቤት ኃላፊ የነበረው ጊልበርት ዎከር የአመዳዩን ምልክት ብቻውን ማመን እንደማይቻል ተረድቶ ከመላው ዓለም ቁጥር ሰበሰበ፤ ከሰበሰባቸው መካከል የናይል የሙላት መዝገብ አንዱ ነበር። ያ ሙላት ከጎጃምና ከአካባቢው ደጋ የሚወርደው ውኃ ነው። ዛሬ ኤልኒኖ ከምንለው ጋር የተጣመረውን የደቡብ ውቅያኖሶች የግፊት መዋዠቅም፣ ከላይ ያነሣሁትን የሰሜን አትላንቲኩንም ስም ሰጥቶ ያሳወቀው እርሱ ነው። የእኛ አባይ ዓለም ይህን እውቀት ባገኘበት ሥራ ውስጥ ከመቶ ዓመት በፊት ገብቶበታል፤ ጽሑፉ በጎጃም ሰው ዘንድ ይህን ያህል መሰራጨቱን ሳይ ይህ ታሪክ ባለመታወቁ አዘንኩ።

ወደ ማሳው ስንመለስ፣ ጸሐፊው ባሉት መንገድ እንፈትነው። በ2014–2015 ክረምት በአሜሪካ ቦስተን ከተማ 281 ሴንቲ ሜትር አመዳይ ወርዶ መዝገቡን ሰበረ። ጸሐፊው እንደሚሉት ከሆነ የ2015 ክረምታችን ሊያጥለቀልቀን ይገባ ነበር። የሆነው በአሥርት ዓመታት ውስጥ ከታዩት ከባድ ድርቆች አንዱ ነው፤ ከሁሉ በላይ የተጎዳው የአገራችን ምሥራቅና ሰሜን ምሥራቅ ቢሆንም። በዚያው የቦስተን የብርድ ወቅት የካሊፎርኒያ ተራሮች አመዳይ ከአማካዩ 5 በመቶ ብቻ ነበር። አጎቴ ዘር ሲመርጡ ቦስተንን ይዩ ወይስ ካሊፎርኒያን? ለሙግታቸው የሚመች ዓመትም አለ፤ ከዋሽንግተን አመዳይ በኋላ የመጣው የ2010 ክረምታችን ጥሩ ነበር። ነገር ግን በዚያ ዓመት አጋማሽ ፓስፊክ ወደ ላኒና ዞሮ ነበር፤ ላኒና ደግሞ ለእኛ ክረምት አብዛኛውን ጊዜ ይረዳል።

እዚህ ላይ ነው «ክረምት» የሚለው ቃል ዋጋ የሚያስከፍለው። ኤልኒኖ ጉልበቱ ጫፍ የሚደርሰው በታኅሣሥ አካባቢ ቢሆንም፣ የእኛን ዝናብ የሚጎዳው እየተገነባ ባለባቸው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ነው። የታኅሣሥ ኤልኒኖ ዜና ለሰሜኑ አመዳይ የወደፊት ነገር ሲሆን፣ ለእኛ ክረምት ግን አብዛኛው ያለፈ ነገር ነው። ለሚቀጥለው ክረምት ፓስፊክ ምን እንደሚመስል ደግሞ ከሚያዝያና ከግንቦት በፊት በአስተማማኝ ሁኔታ መናገር አስቸጋሪ መሆኑን የዘርፉ ሰዎች ሁሉ ይስማሙበታል። ጽሑፉ ምክሩን የሰጠው በየካቲት ነው።

ኤልኒኖንም ቢሆን እንደ ፍርድ መቁጠር አይገባም። የ1984ቱ ክረምት አገሪቱን ለታላቁ ረሃብ ሲዳርግ ፓስፊክ በኤልኒኖ ላይ አልነበረም። በ1997 ብርቱ ኤልኒኖ ሳለ ደግሞ በጥቅምትና በኅዳር ምሥራቅና ደቡብ ምሥራቁ በጎርፍ ተጥለቀለቀ። የጎጃም ምዕራብ ከወሎና ከአፋር ይልቅ ዝናቡ የሚጸናለት አገር በመሆኑ ያው ኤልኒኖ በሁለቱ ላይ እኩል አይወርድም።

ለአጎቴ የመለስኩላቸው ይህንኑ ነው። የሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩቱ ክረምት ከመግባቱ በፊት ለየአካባቢው ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛና ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉን ከፍሎ ያወጣል፤ እርሱን ከልማት ጣቢያ ሠራተኛው ጋር ይዩት፣ ዝናቡ የሚገባበትንና የሚወጣበትን ጊዜ አጥብቀው ይጠይቁ፣ ዘግይቶ የሚደርስ በቆሎ የመስከረሙ ዝናብ ቢቆምበት ሳያፈራ ይቀራልና አልኳቸው። የጤፉን ማሳ ለጤፍ ትተውታል። ለጸሐፊው ያለኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ ሌሎቹን ነጥቦች ብንከራከርባቸውም ጉዳቱ ቀላል ነው፣ አራተኛውን ግን ጽሑፉን ባሰራጩበት በዚያው መንገድ ያርሙት፤ እርማቱም ገበሬው የበቆሎ ዘር ከሚገዛበት ከሚያዝያ መጨረሻ በፊት ይድረስ።